ከሰሉ ጭሱን ጨረሰ ማለት አደጋው አለቀ ማለት አይደለም

በክረምት ብርድ በብዙ ቤት የሚደረግ ነገር አለ። ከሰሉ ደጅ ይያያዛል፤ ጭሱ አልቆ ፍም ሲሆን ማንደጃው ወደ ቤት ይገባል፤ ከዚያ በርና መስኮቱ ይዘጋል። «ጭስ የለውማ፣ ምን ያደርጋል?» እንላለን። ገዳዩ ጋዝ ግን ከጭሱ ጋር አብሮ አይሄድም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከሰሉ ፍም ሆኖ ሲቀላም መውጣቱን አያቆምም።

እንዴት ካላችሁ፣ ማንደጃው ከሥር አየር ሲስብ የከሰሉ ካርቦን ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ይህ ጋዝ ወደ ላይ ሲወጣ በጋለው ፍም መካከል ያልፍና ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ ይለወጣል። ፍም ላይ ሰማያዊ ነበልባል አይታችሁ ከሆነ፣ እሱ ራሱ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ሲቃጠል ነው። ያልተቃጠለው በክፍሉ ውስጥ ይበተናል።

እስቲ እናስላው። 1 ኪሎ ካርቦን በሙሉ እንዲቃጠል 2.7 ኪሎ ገደማ ኦክስጅን ይፈልጋል። አዲስ አበባን በመሰለ ደጋ አየሩ ሳሳ ስለሚል፣ ይህን ያህል ኦክስጅን የሚገኘው ከ12 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ነው። ወርዷም ርዝመቷም 3 ሜትር፣ ከፍታዋ 2.5 ሜትር የሆነች ክፍል የምትይዘው አየር በጠቅላላው 22.5 ሜትር ኩብ ነው። እናንተም የምትተነፍሱት ከዚያችው ነው። ኦክስጅኑ ባነሰ ቁጥር ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ይበዛል።

ደማችን ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ ቀጥሎ ድካምና ራስን መሳት። የተኛ ሰው ምልክቱን ሳያውቀው ሊሞት ይችላል።

በሣር ክዳን ቤት ጭሱም ጋዙም በክዳኑ መካከል መውጫ ያገኝ ነበር። ኮርኒስ ያለው፣ መስኮቱ ጥብቅ ብሎ የሚዘጋ የብሎኬት ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ግን እንዲህ ያለ ቀዳዳ የለውም። ልማዱ አልተቀየረም፤ ቤቱ ግን ተቀይሯል።

ስለዚህ ከሰል ቤት ውስጥ ባይገባ ይመረጣል። ግድ ከሆነ አየር መግቢያም መውጫም እንዲያገኝ በሩንና በሌላ ወገን ያለውን መስኮት ክፈቱ። ከመተኛታችሁ በፊት ማንደጃውን ደጅ አውጡት። በአመድ ማዳፈን ማጥፋት አይደለም፤ ፍሙ ከሥር ቀስ እያለ ይነዳል። ማንደጃ ባለበት ክፍል ራሱን ያመመው ወይም ያዞረው ሰው ካለ ቶሎ ወደ ደጅ አውጡት፤ ራሱን ከሳተ ደግሞ ሳትዘገዩ ኦክስጅን ወደሚያገኝበት ሆስፒታል አድርሱት።