የዓሣ ዘርን የሚያረጋው ጨው፣ የሚቀሰቅሰው ውኃ

በጾም ሰሞን በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ካዛንቺስ አካባቢ ባሉ ምግብ ቤቶች የዓሣ ፍላጎት ይጨምራል። ገበያው በአብዛኛው ከዝዋይ፣ ከጫሞና ከጣና ሐይቆች በሚመጣ ዓሣ ላይ የተመሠረተ ነው። የሐይቆቹን ጫና ለማቃለል የኩሬ እርባታ አማራጭ ቢሆንም፣ ያለ ጫጩት እርባታ የለም። በሰበታ የሚገኘው የዓሣ ምርምር ማዕከል ጫጩት አባዝተው ለአርቢዎች ከሚያሰራጩ ተቋማት አንዱ ነው።

ጫጩት የማባዛቱን ሥራ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ በውኃ ውስጥ የሟሟ ጨው ነው። እንደ አምባዛና ካርፕ ያሉ የጣፋጭ ውኃ ዓሦች የወንዴ ዘር በሰውነታቸው ውስጥ አይንቀሳቀስም፤ በዘር ፈሳሹ ያለው ጨው አርግቶ ያቆየዋል። ጨው ያነሰበት የኩሬ ውኃ ሲነካው ግን ወዲያውኑ መዋኘት ይጀምራል። ጉልበቱ የሚቆየው አንድ ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። በባሕር ዓሦች ሂደቱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ዘራቸውን የሚቀሰቅሰው ጨዋማው ውኃ ነው።

በመሆኑም አምባዛ የሚያባዙ ባለሙያዎች የወንዱን ዘር በአንድ ሊትር ውኃ 9 ግራም ጨው በሟሟበት ፈሳሽ ያቀጥኑታል። ከእንቁላሉ ጋር ካዋሐዱት በኋላ ብቻ ንጹሕ ውኃ ይጨምሩበታል። ዕቃው ቀድሞ ውኃ ከነካው ዘሩ ከእንቁላሉ ሳይገናኝ ጉልበቱን ይጨርሳል፤ የወንዱ ዓሣም፣ የእንቁላሉም ድካም ከንቱ ይቀራል።

ጥንቃቄው ለኩሬ ውኃ ምርጫም ይሠራል። በስምጥ ሸለቆ እንደ ሻላና አብያታ ያሉ ጨዋማ ሐይቆች አሉ። በትነት ብዛት የኩሬ ውኃ ጨዋማነቱ ወደ ዘር ፈሳሹ በተጠጋ ቁጥር የዘሩ እንቅስቃሴ ይዳከማል። ስለሆነም አርቢዎች ኩሬ ከመቆፈራቸው በፊት ውኃውን ማስመርመር ይኖርባቸዋል።