ያለ መደብር መነገድ፦ የሽሮ ሜዳ ልብስ በስልክ ገበያ

አነስተኛ ንግድ በኢንተርኔት ሲታገዝ ምን መልክ ይይዛል የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚመለሰው በሌሎች አገሮች ልምድ ነው፤ ነጋዴው ድረ ገጽ ይከፍታል፣ ገዢው ዕቃውን መርጦ በባንክ ካርድ ይከፍላል፣ ፖስተኛውም የቤት ቁጥር አይቶ ያደርሳል ይባላል። በአዲስ አበባ የተፈጠረው ገበያ ግን በአብዛኛው ከእነዚህ ሦስት ነገሮች በአንዱም ላይ አልቆመም። የድረ ገጹን ቦታ የቴሌግራም ቻናል፣ የካርዱን ቦታ በስልክ የሚተላለፍ ብር፣ የቤት ቁጥሩን ቦታ ደግሞ «ከቤተ ክርስቲያኑ አለፍ ብሎ ካለው ፋርማሲ ፊት ለፊት» የሚል የስልክ ምሪት ይዞታል። ይህን አሠራር ገና ያላደገ የኢንተርኔት ንግድ አድርገው የሚመለከቱት አሉ፤ የአገሩን ሁኔታ አይቶ የተበጀ ነው ቢባል ግን ወደ እውነቱ ይቀርባል፤ ጥንካሬውም ድክመቱም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ ከሚሆኑት ዘርፎች አንዱ የሀበሻ ልብስ ንግድ ነው። ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሽሮ ሜዳ፣ ብዙዎቹ ከጋሞ አካባቢ የመጡ ሸማኔዎች የሰፈሩባትና የባህል ልብስ መደብሮች ግራና ቀኝ የተደረደሩባት የሽመና መንደርም ገበያም ናት። እዚያ መደብር መክፈት ለጀማሪ ከባድ የሚሆነው ኪራዩ ስለሚወደድ ብቻ ሳይሆን፣ የብዙ ወር ኪራይ አስቀድሞ የመክፈል ልማድ ስላለና መደርደሪያውን ለመሙላት የተገዛው ልብስ እስኪሸጥ ድረስ ገንዘብ ታስሮ ስለሚቀመጥ ነው። በስልክ የሚሸጥ ሰው ግን ጥቂት ናሙናዎችን ፎቶ አንስቶ ያሳያል፤ ገዢ ሲመጣ ልኬቱን ተቀብሎ፣ ከሸማኔው ጨርቁን ወስዶ፣ ለልብስ ሰፊው ይሰጣል። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች በትእዛዝ ማምረት የሚሉት ይህ አሠራር የሥራ ማስኬጃ ገንዘብን፣ ማለትም ዕቃው ተገዝቶ እስኪሸጥ ድረስ ንግዱን የሚያንቀሳቅሰውን ገንዘብ፣ በእጅጉ ይቀንሳል። ከኢንተርኔት የሚገኘው ትልቁ ጥቅም ገበያን ማስፋቱ ነው ተብሎ ሲነገር ይሰማል፤ ለጀማሪው ግን ከገበያው ስፋት ይልቅ ይህ የመነሻ ካፒታል መቀነስ ሳይበልጥ አይቀርም።

ቴሌግራም ለዚህ ሥራ የተመረጠበት ምክንያትም ግልጽ ነው። ቻናል ማለት ባለቤቱ የሚለጥፈውን ሌሎች የሚያነቡበት የአንድ አቅጣጫ መድረክ ሲሆን፣ ሁሉም ከሚጽፍበት ግሩፕ የሚለየው በዚህ ነው። ለመክፈት ገንዘብ አይጠየቅበትም፤ ኔትወርክ በደከመበት ቦታም ከብዙ ድረ ገጾች ይልቅ ቶሎ ይከፈታል፤ የቆየ ፎቶም ከቻናሉ አይጠፋም። ቲክቶክ ብዙ አዳዲስ ዓይኖችን በአጭር ጊዜ የሚስብ ቢሆንም፣ የዛሬ ሳምንት የታየ ቀሚስ እዚያ ተፈልጎ ለማግኘት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሻጮች በቲክቶክ ጠርተው በቴሌግራም ያስተናግዳሉ። ብዙዎች የማይጠቀሙበት ሌላም ነጻ መሣሪያ አለ፤ ጉግል ካርታ ላይ የሥራ ቦታን፣ ስልክንና የሥራ ሰዓትን ማስመዝገብ ይቻላል፤ ይህም የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር እምብዛም በማይሠራበት ከተማ ገዢውንም ዕቃ የሚያደርሰውን ሞተረኛም ከብዙ የስልክ ምልልስ ያድናል።

ይሁን እንጂ ዋናው ችግር መታየት ሳይሆን መታመን ነው። በመደብር ውስጥ ገዢ ጨርቁን በእጁ ዳብሶ፣ ወደ ብርሃን ወስዶ፣ ጥለቱን ገልብጦ አይቶ ይወስናል። ፎቶግራፍ ይህን ሁሉ ይሸፍናል። የጥለት ሥዕል የታተመባቸው ከውጭ የሚገቡ የፋብሪካ ጨርቆች በስልክ መስኮት ላይ ከእጅ ሥራው ጋር ሲተያዩ ልዩነታቸው አይታወቅም፤ የዋጋቸው ልዩነት ግን ሰፊ ነው። የታተመ ጨርቅ ጀርባው የደበዘዘ ወይም ባዶ ሲሆን፣ በሸማኔ እጅ የተሠራ ጥለት ግን ክሩ በጀርባውም በኩል ይታያል፤ ስለዚህ የጨርቁን ጀርባ በቅርብ አንስቶ የሚያሳይና ሸማኔው በሥራ ላይ ሳለ የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ የሚጨምር ሻጭ፣ «ኦሪጅናል» የሚለውን ቃል አሥር ጊዜ ከሚጽፈው ይልቅ ይታመናል። እዚህ ላይ ሳይነሳ መታለፍ የሌለበት ነገር ቢኖር፣ ከዚህ ገበያ ትርፉን በአብዛኛው የሚወስደው ቻናሉን የያዘው ሰው እንጂ መወርወሪያውን የያዘው አለመሆኑ ነው፤ ሸማኔው በቪዲዮው ላይ እጁ ይታያል፣ ስሙ ግን አይጻፍም።

«ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚባለው ልማድም እምነትን ከሚሸረሽሩት አንዱ ነው። ሻጮች ዋጋቸውን የሚደብቁት ተፎካካሪ እንዳያይባቸውና ገዢውን በንግግር ለመያዝ ነው ይላሉ፤ ገዢው ግን ዋጋው እንደ ጠያቂው ማንነት ይለዋወጣል ብሎ ይጠረጥራል፤ ጥርጣሬውም ሁልጊዜ መሠረት የለሽ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012፣ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተደረገ ስምምነትና መልእክት ሕጋዊ እውቅና እንዲኖረው ከማድረጉም በላይ፣ ሻጩ ማንነቱን፣ አድራሻውንና የሚሸጠውን ነገር ዋጋ ለሸማቹ እንዲያሳውቅ ይጠብቃል። ዋጋን በግልጽ መጻፍ እንግዲህ መልካም ጠባይ ብቻ ተደርጎ የሚታይ ጉዳይ አይደለም።

ባልተያየ ገዢና ሻጭ መካከል ያለውን ጥርጣሬ የሚያስታግሰው ቀብድ ነው፤ ገዢው የዋጋውን የተወሰነ እጅ አስቀድሞ ይልካል፣ ሻጩም በዚያ ገንዘብ ጨርቁን ይገዛል። ቀብድ ከኢንተርኔት ጋር የመጣ ልማድ አይደለም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 1885 ደንግጎታል። ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ከሌላቸው በቀር ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። የመጀመሪያውን ክፍል የማያውቅ ሻጭ የለም፤ ሁለተኛውን ግን ብዙዎች ሲሰሙት ይደነግጣሉ። በበዓል ሰሞን ከአቅማቸው በላይ ትእዛዝ ተቀብለው ኋላ «ጨርቁ አልቋል» የሚሉ ነጋዴዎች፣ ገንዘቡን መመለስ ብቻውን ከኃላፊነት ነጻ እንደሚያወጣቸው አድርገው ማሰባቸው ስሕተት ነው።

የክፍያው መንገድ የተስተካከለው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ባንክ ያልሆኑ ድርጅቶችም የክፍያ አገልግሎት እንዲሰጡ ከፈቀደ በኋላ፣ የኢትዮ ቴሌኮሙ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ የሳፋሪኮሙ ኤም ፔሳ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ሥራ ጀመሩ። ቀደም ሲል የባንክ ደብተር ይዞ ይሰለፍ የነበረው ገዢ አሁን ከተቀመጠበት ሳይነሳ ይከፍላል። ከዚህ ጋር አብሮ የመጣው ማጭበርበር በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ አታላዩ የተከፈለ የሚመስል የስልክ ገጽ ፎቶ፣ ማለትም ስክሪንሾት፣ ወይም ከባንክ የመጣ የሚመስል የጽሑፍ መልእክት አዘጋጅቶ ይልክና ሞተረኛው በር ላይ ቆሞ ሳለ ያጣድፋል። መከላከያው ቀላል ቢሆንም ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሻጩ ሌላ ሰው በላከው ፎቶ ሳይሆን የራሱን ሂሳብ ከፍቶ በሚያየው ቀሪ ገንዘብ ብቻ ማመን አለበት። ከግል ሂሳብ የተለየ የነጋዴ ሂሳብ መክፈትም ይህን ያቀላል፤ የሽያጩ ገንዘብ ከዘመድ ከተላከውና ከእቁቡ ብር ጋር አይደባለቅምና።

ሂሳብን የመለየቱ ጥቅም ከዚህም ያልፋል። ዳሸን ባንክ ከቴሌብር ጋር በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ እንደ «መላ» እና «እንደኪሴ» ያሉ የብድር አገልግሎቶችን ሲጀምር፣ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም «ሚቹ» የተባለውን ያለ መያዣ የሚሰጥ የአነስተኛ ንግድ ብድር ሲያቀርብ፣ ለዘመናት ቤት ወይም መኪና በመያዣነት ይጠየቅ የነበረበትን የብድር ልማድ የሚለውጥ መንገድ ተከፈተ። በእንዲህ ዓይነቱ አሠራር አበዳሪው የሚመለከተው ካርታና ሊብሬ ሳይሆን የገንዘብ እንቅስቃሴ ታሪክን፣ ማለትም ተበዳሪው ምን ያህል ጊዜ፣ ምን ያህል እንደተቀበለና እንደከፈለ የሚያሳየውን መዝገብ ነው። ለቤት አልባዋ ወጣት ነጋዴ ይህ ትርጉሙ ትልቅ ነው። እነዚህ ብድሮች አጭር የመክፈያ ጊዜ እንዳላቸውና የአገልግሎት ክፍያቸው ከትርፉ ላይ እንደሚቀነስ ግን አስቀድሞ መሰላት አለበት።

ስሌት ሲነሳ የብዙዎቹ የስልክ ነጋዴዎች ድካም የሚፈስሰው እዚህ ላይ መሆኑ መታወቅ አለበት። ለማስረዳት ያህል ብቻ የሚከተሉት ቁጥሮች ይወሰዱ፤ የገበያ ዋጋን አያመለክቱም። አንድ ቀሚስ በ6,500 ብር ይሸጣል፤ ጨርቁ ከነሽመናው 3,200፣ ስፌቱ 700፣ ጥልፉ 600፣ ማድረሻው 250፣ ማሸጊያውና የኢንተርኔት ፓኬጁ 100 ብር ቢሆን ጠቅላላ ወጪው 4,850 ብር ይመጣና ለሻጭዋ 1,650 ብር ይተርፋል። በወር 12 ቀሚስ ብትሸጥ በስልኳ ውስጥ 78,000 ብር ያልፋል፤ የእርሷ የሆነው ግን 19,800 ብር ብቻ ነው። አንዱ ቀሚስ ልኬቱ ተሳስቶ ቢመለስና በግማሽ ዋጋ ቢሸጥ 3,250 ብር ይጎድልና 16,550 ይቀራል። ከዚህ ላይ ግብሩ፣ የራሷ ድካምና እስከ እኩለ ሌሊት «ስንት ነው?» ለሚሉ የምትመልስበት ሰዓት ገና አልተቆረጠም። የ78,000 ብሩን መልእክት እያየች የምትኖር ነጋዴ ሀብታም የሆነች ሊመስላት ይችላል፤ ቀብድን እንደ ገቢ ከቆጠረች ደግሞ ገና ያልሰፋችውን ልብስ ገንዘብ ትበላለች። በስልክ ላይ የሚሠራ እንደ ኤክሴል ያለ ሰንጠረዥ፣ ወይም ያ ካልተመቸ ተራ ደብተር፣ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ቀኑን፣ ቀብዱን፣ ወጪውንና ቀሪውን ቢይዝ ይህን ስሕተት ያስቀራል፤ ግብር በግምት እንዳይጫንም መከራከሪያ ይሆናል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለዚህ ንግድ ጠቃሚ ደንበኞች ናቸው። በዋሽንግተን አካባቢ ለሠርግ የሚዘጋጁ ሚዜዎች፣ በቴል አቪቭ፣ በዱባይ ወይም በስቶክሆልም ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ የሚለብሱ ቤተሰቦች ከአዲስ አበባ ያዛሉ። እነዚህ ገዢዎች ጥሩ ይከፍላሉ፤ ሆኖም ልብሱ ልክ ባይሆን መልሶ መላክ ከልብሱ ዋጋ የሚስተካከል ወጪ ስለሚያስከትል፣ የደረት፣ የወገብ፣ የትከሻና የቁመት ልኬት በሴንቲ ሜትር እንዴት እንደሚወሰድ በአጭር ቪዲዮ ማሳየት ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል። ክፍያው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው አዲስ አበባ ባለ ዘመድ በኩል ሲሆን፣ ልብሱም በፖስታ ወይም በመንገደኛ ሻንጣ ይሄዳል። የመንገደኛው ሻንጣ ርካሽ ነው፤ ለጠፋ ዕቃ ግን ማንም ተጠያቂ አይሆንም።

ሌላው ሥጋት ገበያው በባዕድ ግቢ ውስጥ መሆኑ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ፣ ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ሲገደቡ፣ በእነዚህ መድረኮች ብቻ ይነግዱ የነበሩ ሰዎች ከደንበኞቻቸው ተቆራርጠዋል፤ ቪፒኤን የሚባለውን ገደብን የሚያልፍ ፕሮግራም ጭነው የቀጠሉ ነበሩ፣ ብዙ ገዢዎች ግን ይህን አያደርጉም። የቻናል ተከታይ ቁጥር ንብረት አይደለም፤ ንብረቱ የገዢው ስም፣ ስልክና ልኬት የሰፈረበት ዝርዝር ነው፤ እርሱ ካለ በተራ የጽሑፍ መልእክትም መሸጥ ይቻላል። ዝርዝሩን መያዝ ግን ኃላፊነት አለው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ ያለ ፈቃዱ ለሌላ እንዳይተላለፍ ስለሚገድብ፣ የደንበኛን ስልክ ለሌላ ነጋዴ ማካፈል፣ በዘመድ ደንብም ቢሆን፣ አይገባም።

በየክፍለ ከተማውና በየማሠልጠኛው ለጀማሪዎች የሚሰጠው ትምህርት በአብዛኛው ፎቶ አነሳስና ተከታይ ማብዛት ላይ ያተኩራል። አሠልጣኞች ከዚያ በፊት የወጪ ስሌትን፣ የቀብድን ሕግና የደንበኛ መዝገብ አያያዝን ቢያስተምሩ፣ ገዢዎችም ዋጋውን ከማይጽፍና ማንነቱን ከማይገልጽ ቻናል ባይገዙ፣ ሻጮችም በለጠፉት ቀሚስ ግርጌ የሸማኔውን ስም ቢጽፉ ይገባል።