ውኃ ያቆረ ምድር ባዶ መሬት አይደለም
ከሰሜን ስኮትላንድ ረግረግ የምናገኘው ትምህርት



የርዳታ ድርጅት መጽሔት ስለ እህል፣ ስለ ጉድጓድ ውኃ፣ ስለ ክሊኒክና ስለ ትምህርት ቤት ሲጽፍ ማንም አይደነቅም። ስለ አረንቋ ሲጽፍ ግን «ይህ ደግሞ ለተራበው ወገናችን ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በዚህ ጽሑፍም ልንመልሰው እንሞክራለን። ለምሳሌ የመረጥነው ከአገራችን እጅግ ርቆ በስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ የሚገኘውን፣ ፍሎው ካንትሪ የሚባለውን ሰፊ ረግረግ ነው። በዚያ ስፍራ ከ40 ዓመት ገደማ በፊት ውኃውን ለማጠንፈፍ ቦይ ተቆፈረ፤ ዛሬ ደግሞ ያው ቦይ በብዙ ድካም መልሶ እየተደፈነ ነው። በመካከሉ ምን እንደ ተማሩ ማወቅ ለልማት ሠራተኞቻችንም ሆነ ለምእመናን ይጠቅማል ብለን እናምናለን። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ረግረጉ እንዴት ተፈጠረ?

በኬትነስና በሰዘርላንድ የተዘረጋው ይህ ምድር ስፋቱ 4,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አገሩ ብርዳም ነው፤ ዝናቡም አያቋርጥም፤ መሬቱ ሜዳማ በመሆኑ ውኃው በቶሎ አይወርድም። በላዩ ስፋግነም የምትባል ሥር የሌላት፣ ለስላሳ ትንሽ ተክል ትበቅላለች። ይህች ተክል እንደ ስፖንጅ ናት፤ ከደረቅ ክብደቷ እስከ 20 እጥፍ የሚደርስ ውኃ ትይዛለች። ላይዋ ሲያድግ ታችዋ ይሞታል፤ ይሁን እንጂ የሞተው ክፍል በውኃ ተነክሮ አየር ስለማያገኝ፣ እንደ ሌላ ቅጠል ቶሎ በስብሶ አይጠፋም። ዓመት በዓመት እየተደራረበ ጥቁር ለስላሳ አፈር ይሆናል፤ ይህንንም ፒት ይሉታል። የአገሩ ሰዎች ይህን አፈር ቆርጠው በማድረቅ፣ እኛ ኩበት እንደምናነድ፣ በምድጃቸው ሲያነዱት ኖረዋል።

ይህ አፈር የሚያድገው በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ 1 ሜትር እስኪሆን 1,000 ዓመት ያስፈልገዋል ማለት ነው። በፍሎው ካንትሪ ግን ጥልቀቱ እስከ 10 ሜትር የሚደርስበት ስፍራ አለ፤ መከማቸት የጀመረውም ታላቁ የበረዶ ዘመን ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን በማረሻ የሚገለበጠው አፈር ከአብርሃም ዘመን በፊት መጠራቀም የጀመረ ሊሆን ይችላል።

የምድር ጎተራ

ዕፅዋት ሁሉ ሲያድጉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን የተቃጠለ አየር ከነፋሱ ወስደው ካርቦኑን ሰውነታቸው ያደርጉታል። ሲሞቱና ሲበሰብሱ ደግሞ ወደ አየር ይመልሱታል። በረግረጉ ውስጥ ግን መበስበሱ ስለሚዘገይ ካርቦኑ ከመሬት በታች ተቀብሮ ይቀመጣል። አባቶቻችን እህላቸውን በጉድጓድ ከትተው አፉን እንደሚደፍኑት ነው። አየር ካልገባ እህሉ ይቆያል፤ ከተከፈተ ግን ይበላሻል። የረግረጉ ክዳን ውኃው ነው። ውኃው ከተጠነፈፈ አየር ወደ ውስጥ ይገባል፤ ለሺህ ዓመታት የተጠራቀመውም መበስበስና ወደ ሰማይ መመለስ ይጀምራል።

በፍሎው ካንትሪ ብቻ የተከማቸው ካርቦን 400 ሚሊዮን ቶን ያህል እንደሚሆን ይገመታል። በዓለም ዙሪያ እንዲህ ያለ መሬት የሚሸፍነው ከየብሱ 3 በመቶ ያህሉን ብቻ ሲሆን፣ በውስጡ የያዘው ካርቦን ግን የዓለም ደኖች ዛፎች በሙሉ ከያዙት ይበልጣል። ይህ ሰው «ጭቃ» ብሎ የሚያልፈው ምድር የተሸከመው ሸክም ነው።

በጎ የሚመስል ሥራ ያደረሰው ጉዳት

ታዲያ ቦዩ ለምን ተቆፈረ? በክፋት አልነበረም። ብሪታንያ በሁለት የዓለም ጦርነቶች የእንጨት እጥረት ስለ ደረሰባት ደን ማልማት የመንግሥት ፖሊሲ ሆነ። በ1980ዎቹ የነበረው የግብር ሕግ ደግሞ ዛፍ ለሚተክል ባለ ገንዘብ የግብር ቅናሽ ይሰጥ ነበር። ረግረጉ ዋጋው ርካሽ ስለነበረ፣ ከዚያ ርቀው በከተማ የሚኖሩ ሀብታሞች በወኪል አማካይነት እየገዙ አስተከሉበት። ከባድ ማረሻዎች አፈሩን ገለበጡት፤ ቦዮች ተቀደዱ፤ ከሰሜን አሜሪካ የመጡ የጥድ ዓይነቶችም በአሥር ሺህ በሚቆጠር ሄክታር ላይ በረድፍ ተተከሉ።

ውጤቱ ብዙ ሳይቆይ ታየ። አፈሩ ደርቆ ተሰነጠቀ፤ ወደ ታችም ሰመጠ። በሜዳው ላይ በመሬት የሚፈለፍሉ አእዋፍ ስፍራቸውን አጡ። ጉዳቱም ከተተከለበት ድንበር አላቆመም፤ ቀበሮና ቁራ በዛፎቹ ስለሚሸሸጉ፣ ወፎቹ ከደኑ ዳር ብዙ መቶ ሜትር ርቀው መኖር ግድ ሆነባቸው። ዛፎቹ ራሳቸው በብዙ ቦታ ቀጭነው ቀሩ። በ1987 የመንግሥቱ የተፈጥሮ ጥበቃ ምክር ቤት ስለ አእዋፍ፣ ስለ ረግረግና ስለ ደን ብርቱ ሪፖርት አወጣ፤ ብዙ ክርክርም ተነሣ። በ1988 የገንዘብ ሚኒስትሩ ናይጀል ላውሰን የግብር ቅናሹን በበጀቱ ሰረዙት፤ ተከላውም ወዲያው ቀዘቀዘ።

ዛፍ መትከል መልካም ነው፤ አብያተ ክርስቲያናት ለዚህ ሥራ የሰጡትን ገንዘብና ጉልበትም እናመሰግናለን። በተራቆተ ተራራ ላይ አገር በቀል ዛፍ መትከል አፈርን ያድናል። ነገር ግን ዛፍ የማይገባበት መሬትም አለ።

የጠፋውን መመለስ

በ1995 ንጉሣዊው የአእዋፍ ጥበቃ ማኅበር በፍሎው ካንትሪ መካከል ፎርሲናርድ የተባለውን ርስት ገዛ፤ ዛሬ ጥብቅ ስፍራው ከ21,000 ሄክታር በላይ ሆኗል። ሥራው ለመናገር ቀላል፣ ለመሥራት ግን አድካሚ ነው። የባዕድ ዛፎቹ ይቆረጣሉ። ቦዮቹ በየጥቂት ሜትሩ በራሱ በረግረጉ አፈር፣ አንዳንድ ጊዜም በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ግድብ ይዘጋሉ። በማረሻ የተነሣው ትልም ተደልድሎ ይስተካከላል። ከዚያ በኋላ ዝናቡ የራሱን ሥራ ይሠራል፤ ውኃው ከፍ ሲል ስፋግነም ትመለሳለች፤ ነፍሳትና ወፎችም ይከተላሉ።

ይሁንና ለመመለስ ጊዜ ያስፈልጋል። በፎርሲናርድ ዛፍ በተቆረጠባቸው ስፍራዎች የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ሥራው ከተጀመረ 10 ዓመት የሆነው መሬት ገና ካርቦን ወደ አየር እየለቀቀ ነበር፤ 16 ዓመት የሆነው ግን መልሶ ማከማቸት ጀምሮ ነበር። ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ እርጥብ ረግረግ ሚቴን የተባለ ሌላ አየር ያወጣል፤ ይህም ሙቀትን ይይዛል። ነገር ግን ሚቴን በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከአየር ሲጠፋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን እጅግ ለረዥም ዘመን ስለሚቆይ፣ በጊዜ ብዛት ሲመዘን ውኃውን መመለስ ይሻላል።

አለመመለስ የሚያስከትለውን ደግሞ እሳት አሳይቷል። በግንቦት 2019 በዚያው አካባቢ ታላቅ ቃጠሎ ተነሥቶ በሺህ የሚቆጠር ሄክታር አጋየ። ውኃ የጠገበ አፈር እሳት አያስገባም፤ የተጠነፈፈው ግን ወደ ታች ይነዳል። የስኮትላንድ መንግሥት በ2020 እስከ 2030 ድረስ 250,000 ሄክታር የተጎዳ ረግረግ ለማዳን 250 ሚሊዮን ፓውንድ መድቧል። በሐምሌ 2024 ደግሞ ዩኔስኮ ፍሎው ካንትሪን በዓለም ቅርስነት መዘገበው፤ ስለ ረግረግነቱ ብቻ እንዲህ ያለ ክብር ሲሰጥ የመጀመሪያው ነው።

በዚያ ምድር ሰው ይኖራል

እዚህ ላይ የርዳታ ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ልብ ሊለው የሚገባ ጉዳይ አለ። በ1810ዎቹ የሰዘርላንድ ባለ ርስቶች ብዙ ጭሰኞችን ከየሸለቆው አስወጥተው መሬቱን ለበግ እርባታ ሰጡት። በ1843 ነፃይቱ የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ስትመሠረት ብዙው የአገሩ ሕዝብ ተከተላት፤ ሆኖም ባለ ርስቱ መጀመሪያ ላይ ለጸሎት ቤት የሚሆን መሬት ስለ ከለከሉ ምእመናኑ በሜዳ ላይ ያመልኩ ነበር። ያ ሕዝብ መጀመሪያ ለበግ ሲባል ተፈናቀለ፤ በኋላም ለግብር ቅናሽ ሲባል ምድሩ ሳያማክሩት ታረሰ። አሁን ደግሞ በስኮትላንድ ደጋዎች ካርቦን ራሱ የሚሸጥ ነገር ስለ ሆነ፣ ሀብታሞች መሬት እየገዙ ዋጋውን አንረውታል የሚል ሥጋት በነዋሪዎቹ ዘንድ አለ። በጎ ዓላማም ቢሆን ሰውን ከረሳ ጽድቅ አይሆንም። ረግረጉ መዳን አለበት፤ በአጠገቡ የሚኖረው ሰው ግን የሥራው ተካፋይ፣ የጥቅሙም ተቋዳሽ መሆን ይገባዋል።

እኛን እንዴት ይመለከተናል?

በመጀመሪያ፣ አየር ድንበር የለውም። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 መጀመሪያ ድረስ በምሥራቅ አፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው፣ የቦረናና የሶማሌ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸው ሲያልቁ ተመልክተናል። የዓለም ሙቀት በጨመረ መጠን እንዲህ ያለው ድርቅ እየከፋ ይሄዳል። በሰሜን የሚደፈን እያንዳንዱ ቦይ ድርቅን ብቻውን አያስቀርም፤ ሸክሙን ግን በጥቂቱ ያቀልላል።

ሁለተኛ፣ በአገራችንም ረግረግ አለ። በኢሉባቦር ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ የረግረጉን ዳር በቆሎ ይዘሩበታል፤ ከውስጡም የቤት ክዳን ሣርና የሚጎዘጎዝ ቄጠማ ያጭዱበታል፤ ምንጩንም ይቀዱበታል። በ1980ዎቹ የምግብ እጥረት ሲበረታ ረግረጉ በሙሉ እንዲጠነፈፍ ግፊት ነበር። ፈጽሞ በተጠነፈፈበትና ያለ ዕረፍት በታረሰበት ስፍራ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ አፈሩ ደከመ፤ ምንጩ ቀነሰ፤ ቄጠማውም ጠፋ። አስተዋዮቹ ገበሬዎች ከረግረጉ ከፊሉን ሳይነኩ ይተዋሉ፤ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላም ቦዩን ዘግተው ውኃውን ይመልሳሉ። በስኮትላንድ በብዙ ሚሊዮን ፓውንድ የሚሠራውን እነርሱ በመቆፈሪያ ይሠሩታል።

ስለዚህ የፕሮጀክት ሠራተኞቻችን ረግረግ የማድረቅ ወይም ባሕር ዛፍ የመትከል ሐሳብ ሲቀርብላቸው እነዚህን ጥያቄዎች አስቀድመው እንዲጠይቁ እናሳስባለን፤

1. በበጋ ወራት ከዚህ ረግረግ በታች ያለው ምንጭ ወይም ወንዝ ውኃውን የሚያገኘው ከየት ነው?
2. ከረግረጉ ሣር፣ ቄጠማ፣ ውኃና ግጦሽ የሚጠቀመው ማን ነው? ሴቶችና ድሆች ተጠይቀዋልን?
3. ሙሉውን ከማድረቅ ይልቅ ዳሩን ብቻ ማልማት አይቻልምን?
4. ቦዩ ጉዳት ቢያመጣ ማን ይዘጋዋል? በምን ገንዘብ?

ለምእመናን ደግሞ ይህን እንላለን። በዘፍጥረት መጽሐፍ ሰው በገነት የተቀመጠው ሊሠራባትም ሊጠብቃትም እንደ ሆነ እናነባለን፤ ሁለቱ ትእዛዛት አይነጣጠሉም። በዘሌዋውያን ሕግ ምድር ራሷ የዕረፍት ዓመት ተሰጥቷታል። እንግዲህ መሬቱን የሚያርስ ገበሬና ሳያርስ የሚተው ገበሬ ሁለቱም እግዚአብሔርን ሊያገለግሉ ይችላሉ፤ ዋናው የትኛው መቼ እንደሚገባ ማስተዋል ነው። በመስክ ላይ ያሉ ባልደረቦቻችን ይህን ማስተዋል እንዲያገኙ፣ በረግረግ ዳር የሚኖሩ ቤተሰቦችም በበጋ ውኃ እንዳያጡ በጸሎታችሁ አስቡአቸው። በስጦታችሁም ስትረዱን፣ ከገንዘባችሁ ከፊሉ አንዳንድ ጊዜ የሚውለው አዲስ ነገር ለመሥራት ሳይሆን ያለው እንዳይፈርስ ለመጠበቅ መሆኑን በደስታ እንድትቀበሉልን እንለምናለን።

የጌታችን ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን።