ጃዝ ወደ ቤተ መጻሕፍት በገባ ጊዜ

ቤተ መጻሕፍት ሲባል ሁላችን የምናስበው ጸጥታን ነው። በዝግታ የሚራመድ አንባቢ፣ ገጽ ሲገለጥ የሚሰማ ኮሽታ፣ ድምፁን ከፍ ያደረገውን በዓይኑ የሚገሥጽ ሠራተኛ ይታየናል። ነገር ግን በዋሽንግተን ከተማ በሚገኘው በአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ የጃዝ ተጫዋች ፒያኖ እየመታ፣ በእግሩም ወለሉን እየደቃ የወጣትነቱን ታሪክ ያወራበት ጊዜ ነበረ። ዘመኑ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 1938፣ ወሩ ግንቦት ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

ተጫዋቹ ጄሊ ሮል ሞርተን ይባላል፤ የኒው ኦርሊንስ ልጅ ነው። በ1926 በቺካጎ ከጓዶቹ ጋር ያስቀረጻቸው ሸክላዎች ስሙን አገር እንዲያውቀው አድርገው ነበር። በ1930ዎቹ ግን የሕዝቡ ጆሮ ወደ አዲስ ስልት ዞረ፤ ሞርተንም ተረሳ። ዋሽንግተን ውስጥ በአንዲት ትንሽ የምሽት ክበብ ፒያኖ እየመታ ይኖር ጀመር። በዚያው በ1938 በመጋቢት ወር፣ ሃንዲ የሚባል ሌላ ሙዚቀኛ የጃዝ ፈጣሪ ተብሎ በራዲዮ ሲነገርለት ቢሰማ እጅግ ተናደደና «ጃዝን በ1902 የፈጠርኩት እኔ ነኝ» ሲል ጻፈ። የጥምቀት ወረቀቱ በ1890 መወለዱን ስለሚያሳይ፣ በቃሉ ከሄድን ጃዝን የፈጠረው በ12 ዓመቱ ነው ማለት ነው!

ይህን ጉረኛና የተከፋ ሰው ቁጭ ብሎ የሰማው አላን ሎማክስ የሚባል የ23 ዓመት ወጣት ነው። ሎማክስ በቤተ መጻሕፍቱ የሕዝብ ዘፈን በሚሰበሰብበት ክፍል የሚሠራ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ሞርተንን የወሰደው ወደ ኩሊጅ አዳራሽ ነው። ይህ አዳራሽ ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ስፕራግ ኩሊጅ በሰጡት ገንዘብ ተሠርቶ በ1925 የተከፈተ፣ የታላላቅ የአውሮፓ ደራስያን ሙዚቃ በክብር የሚሰማበት ቦታ ነበር። ሎማክስ የድምፅ መቅረጫውን መኪና አስነሣና ከፒያኖው አጠገብ ወለል ላይ ቁጭ ብሎ ጠየቀ። ሞርተንም ጣቶቹን ከፒያኖው ሳያነሣ፣ ወሬውን ከዜማው እያዋሐደ መለሰ።

የነገረውም እንዲህ ነው። ገና ጢሙ ሳያቀነቅን በኒው ኦርሊንስ የሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር ፒያኖ መምታት ጀመረ። ይኖር የነበረው ቤተ ክርስቲያን ከሚያዘወትሩት ከቅድመ አያቱ ዘንድ ነበርና፣ ሌሊት ሌሊት የት እንደሚሄድ ሲጠየቅ በርሜል በሚሠራበት ፋብሪካ ዘበኛ ሆኜ ተቀጥሬአለሁ እያለ ያታልላቸው ነበር። እውነቱ በታወቀ ቀን ግን አሮጊቷ ይህ ሙዚቃ ያጠፋሃል ብለው ከቤት አስወጡት። ልጁ ወጣ፤ ሙዚቃውን ግን አልተወም።

ይህ ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአገራችን ልጁ አዝማሪ ሊሆን ነው ሲባል ያልደነገጠ ወላጅ ጥቂት ነው። ዛሬ የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባሉት፣ በ1943 በጅማ የተወለዱት ሙላቱ አስታጥቄም በወጣትነታቸው ወደ ብሪታኒያ የተላኩት ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። እርሳቸው ግን ልባቸው ወደ ሙዚቃ አዘንብሎ እስከ ቦስተን፣ እስከ በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ድረስ ሄዱ።

ወደ አዳራሹ እንመለስ። ሞርተን ወሬ ብቻ አላወራም፤ እንደ መምህርም አስተማረ። አንዱን የታወቀ ዜማ መጀመሪያ በሚዙሪ አገር ስልት፣ ቀጥሎ በራሱ ስልት እየመታ ልዩነቱን አሰማ። የእስፓኝ ምት እንደ ቅመም ጣል ካልተደረገበት ጃዝ እንደማይጣፍጥም በግራ እጁ አሳየ። ከተናገረው ውስጥ የታሪክ ሊቃውንት ዛሬም የሚጠራጠሩት ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ጃዝ በልጅነቱ እንዴት ይመታ እንደ ነበር ያየ ሰው በጣቶቹ ሲመሰክር የሚሰማበት እንዲህ ያለ ማስረጃ ከሌላ ቦታ አይገኝም።

በዚያ ዓመት እስከ ታኅሣሥ ድረስ የተቀረጸው ከስምንት ሰዓት በላይ ሆነ። ለሞርተን ግን የቀረው ዘመን አጭር ነበር። በዚያው ዓመት በሚሠራበት ክበብ ውስጥ በጩቤ ተወጋ፤ ጤናው እየደከመ ሄዶ በ1941 በሐምሌ ወር ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዐረፈ። የልጅነት ከተማውን ሙዚቃ ይዞ ወደ መቃብር እንዳይወርድ ያደረገው የዚያ ጀማሪ ሠራተኛ ጥያቄ ነው። ቅጂው በሙሉ በ2005 ታትሞ ወጣ፤ በ2006ም ሁለት የግራሚ ሽልማት አገኘ። ባለቤቱ ከሞተ 65 ዓመት ሊሞላው ነበር።

እንግዲህ በሰፈራችሁ ቤተ መጻሕፍት አንድ ወጣት ክራሩን ወይም ሳክስፎኑን ይዞ ቢቆም፣ ቦታው አይደለም ብላችሁ አትገርሙ። መጽሐፍም ሙዚቃም የሰው ትዝታ ማኖሪያ ናቸው። ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነው ማንም ያልጠየቀው ሽማግሌ ነው። ሎማክስ ድምፅ ለመቅረጽ ከባድ መኪና አስፈልጎት ነበር፤ ዛሬ ግን መቅረጫው በእያንዳንዳችን ኪስ አለ። የጎደለው ከሽማግሌው እግር ሥር ቁጭ ብሎ «እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» የሚል ወጣት ነው።