«ሞርፊኑ ለመጨረሻ ይቆይ»

የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ምራቅ መዋጥን እንኳ ያሳቅቃል። ከአጋሮ ወይም ከሊሙ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የመጣ ሕመምተኛ ሞርፊን ሲታዘዝለት ግን አስታማሚው ይደነግጣል፤ «አለቀለት ማለት ነው» ይላል። ሞርፊን የሚታዘዘው የሕመሙ ብርታት ታይቶ ነው። ወስደውት ለወራት በልተው፣ ተኝተው፣ ከልጆቻቸው ጋር ተጫውተው የሚኖሩ ብዙ ናቸው።

ከሁሉ የሚጎዳው «አሁን ከጀመረው ሲብስበት ምን ሊሰጠው ነው?» የሚለው ስጋት ይመስለኛል። ከሞርፊን የሚቀለው የሕመም ማስታገሻ ትራማዶል ጣሪያ አለው፤ ለአዋቂ በቀን ከ400 ሚሊ ግራም አያልፍም። ሞርፊን እንዲህ ያለ ጣሪያ የለውም፤ ሕመሙ ሲጨምር ሐኪሙ ደረጃ በደረጃ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ችሎ ማቆየት ሰውየውን ከማሰቃየት በቀር የሚያተርፍለት ነገር የለም።

«ሲያመው ብቻ ይውሰድ» የሚባለውም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የካንሰር ሕመም መድኃኒት ሰዓት ተጠብቆ እንዲሰጥ ይመክራል። የሚጠጣው ሞርፊን 4 ሰዓት ያህል ይሠራል፤ ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ቀን 8፣ ምሽት 12፣ ማታ 4 ሰዓት እየተባለ ይወሰዳል። ሌሊት እንዳይቀሰቀስ ሐኪሙ የመኝታውን መጠን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። በረመዳን እስከ ማፍጠሪያ፣ በዐቢይ ጾም እስከ ቅዳሴ መውጫ የሚያዘገዩ አሉ። ሁለቱም እምነቶች ለታመመ ሰው ይራራሉ፤ ኢማሙ ወይም የነፍስ አባቱ ይህን ቢነግሩት ደግሞ ከሐኪሙ ይልቅ ይሰማቸዋል።

ሞርፊን በሐኪም ክትትል ለካንሰር ሕመም ሲወሰድ ሱስ ብዙም አይታይም። ሰውነት ስለሚለምደው ግን በድንገት አይቆምም። መድኃኒቱ የሚያመጣው እንቅልፍና ማቅለሽለሽ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ይቀላል፤ የሆድ ድርቀቱ ግን አይለቅም፤ ማለስለሻው ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይታዘዝ። ሕመምተኛው ሲቀሰቅሱት ካልነቃ ወይም አተነፋፈሱ ከዘገየ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

መዋጥ ያቃተው ሰው መድኃኒት አያጣም፤ ፈሳሹ ሞርፊን በአፍንጫ ቱቦም ይሰጣል። በዝግታ የሚለቀቀውን ክኒን መፍጨት ግን አደገኛ ነው፤ የረጅም ሰዓቱን መጠን ባንዴ ይለቃል። እንደ እሳት ለሚያቃጥል ሕመም አሚትሪፕቲሊን ይጨመራል። በቁስሉ ጠረን አፍሮ ከቡናው የሚርቅ ካለም ለሐኪሙ ይነገር፤ ቁስሉ ላይ የሚነሰነስ የሜትሮኒዳዞል ዱቄት ጠረኑን ያበርደዋል።

ሞርፊን በልዩ ማዘዣ ብቻ ስለሚሰጥ በየከተማው መድኃኒት ቤት አይገኝም። ወደ አጋሮ ከመመለስዎ በፊት የሚቀጥለው የት፣ መቼ እንደሚወሰድ ይጠይቁ፤ ጠርሙሱ ከመንጠፉ ቀናት ቀድመውም ይሂዱ።