ማስተር ሳውንድስ ላይ ሙላቱን ማስገባት

በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች አንዱ መቼም አይቀርም፤ «የጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ሬዲዮ ላይ የአማርኛ ዘፈን እንዴት ነው የሚገባው?» የሚለው። አጭር መልስም ረጅም መልስም አለው። አጭሩን ቶሎ እገላገለውና ወደ ረጅሙ እንሄዳለን፤ ጨዋታው ያለው እዚያ ነው። የማወራው ስለ ኮምፒውተሩ ቅጂ ነው፤ የስልኩ አሠራር ሌላ ነው።

አጭሩ እነሆ። ዶክመንትስ ውስጥ ጌሙ ራሱ የፈጠረው «ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ዩዘር ፋይልስ» የሚባል ፎልደር አለ። እሱን ስትከፍቱ «ዩዘር ትራክስ» የሚል ታገኛላችሁ። ኤምፒ3 ዘፈኖቻችሁን እዚያ ገልብጡ፤ ከዚያ ጌሙን ከፍታችሁ ከኦዲዮ ማስተካከያው ውስጥ ስካን አስደርጉት። መኪና ውስጥ ጣቢያ ስትቀያይሩ የራሳችሁ ጣቢያ ከሌሎቹ ጋር ተሰልፎ ይጠብቃችኋል። አጫዋወቱን «ሬዲዮ» የሚለው ላይ ካደረጋችሁት በዘፈኖቹ መሃል የጌሙን ማስታወቂያ ጣል ጣል ያደርግላችኋል። የተነካ ፋይል የለም፣ የሚበላሽም የለም። ለአብዛኞቻችሁ ይሄ ይበቃል። እዚህ ላይ ማንበብ ብታቆሙ አልቀየማችሁም።

ያልበቃችሁ ደግሞ የምትፈልጉት ሌላ ነገር ነው፤ ዘፈኑ የጌሙ አካል እንዲሆን። ዲጄው ሲያወራ ቆይቶ፣ ማስታወቂያው አልፎ፣ ድንገት የኛ ሰው እንዲመጣ። ለዚህ የሬዲዮውን ሆድ መክፈት ግድ ነው።

የሳን አንድሪያስ ሬዲዮ ብልሃቱ የሚገባው ከሱ በፊት የነበረውን ላየ ሰው ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው ቫይስ ሲቲ ላይ እያንዳንዱ ጣቢያ አንድ ረጅም ቅጂ ነው። ዘፈኑ፣ ዲጄው፣ ማስታወቂያው በቅደም ተከተል ተቀድቶ እንደ ካሴት ይዞራል፤ ሲያልቅ እንደገና ከመጀመሪያው። ደጋግሞ የተጫወተ ሰው ከየትኛው ዘፈን በኋላ የትኛው እንደሚመጣ በቃሉ ያውቀዋል።

የቫይስ ሲቲ ፋይሎች መጨረሻቸው ኤዲኤፍ ነው። ሙዚቃ ማጫወቻ ላይ ብትከፍቷቸው ምንም አይሉም። ሚስጥሩ ግን ያስቃል፤ ተራ ኤምፒ3 ናቸው። እያንዳንዱ ባይት በ34 «ኤክስኦር» ተደርጓል፣ ሌላ ምንም የለም። በምሳሌ እንየው። የኤምፒ3 የድምፅ ቁራጭ የሚጀምረው 255 በሚል ባይት ነው፤ በሁለትዮሽ ሲጻፍ 11111111። 34 ደግሞ 00100010 ነው። ኤክስኦር ማለት 34 ላይ 1 ባለበት ቦታ ሁሉ የኛን ቁጥር መገልበጥ ነው፤ 0 ያለበትን እንዳለ መተው። ውጤቱ 11011101 ይሆናል፤ 221 ማለት ነው። ማጫወቻው 255 ሲጠብቅ 221 ያገኛል፣ «ይሄ ሙዚቃ አይደለም» ብሎ ይተወዋል። አሁን 221ን እንደገና በ34 ኤክስኦር አድርጉት፤ ተመልሶ 255 ይመጣል። የሚቆልፈውም የሚከፍተውም ያው ቁጥር ነው። ፕሮግራሚንግ የጀመረ ሰው በአምስት መስመር ኮድ ይፈታዋል፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላውቅም። ቁልፉ ሌባ ለመከላከል ሳይሆን ተራው ሰው ፋይሉን ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጎ እንዳያዳምጠው የተደረገ ይመስለኛል።

በ2004 ሳን አንድሪያስ ሲመጣ ካሴቱ ቀረ። ሬዲዮው ተቆራረጠ። ጌሙ የተጫነበት ቦታ «ኦዲዮ» የሚል ፎልደር አለ፤ ውስጡ «ስትሪምስ» ይባላል። እዚያ ያሉት የጣቢያዎቹ ፋይሎች ስማቸው ሁለት ሁለት ፊደል ነው። ኤምኤች ሬዲዮ ሎስ ሳንቶስ ነው። ሲኤች ፕሌይባክ ኤፍኤም፣ ሲኦ ኬ-ሮዝ፣ አርኢ ኬ-ጃህ ዌስት፣ አርጂ ማስተር ሳውንድስ 98.3፣ ቲኬ ደግሞ ወሬ ብቻ የሚያወራው ደብሊውሲቲአር። ማስታወቂያዎቹ «አድቨርትስ» በሚል ለብቻቸው ተቀምጠዋል።

በእያንዳንዱ ፋይል ውስጥ በጣም ብዙ አጫጭር ቅጂዎች ተደርድረዋል። አንድ ዘፈን አንድ ፋይል አይደለም፤ መግቢያው ለብቻ ነው፣ መሃሉ ለብቻ፣ መውጫው ለብቻ። መግቢያው ራሱ ዲጄ የሚያወራበትና የማያወራበት ተብሎ ይለያል፤ መውጫውም እንዲሁ። ከዚህ ሌላ የጣቢያው መለያ፣ ስልክ የሚደውሉ አድማጮች፣ ስለ ጭጋግና ስለ ዝናብ የሚያወሩ ዲጄዎች፣ የታሪኩን ሂደት ተከትለው ብቻ የሚለቀቁ ዜናዎች አሉ። ጌሙ ከነዚህ እየመረጠ በቦታው ይገጣጥማቸዋል። ስለዚህ ነው ያው ዘፈን አንዴ በዲጄ ወሬ፣ አንዴ ያለ ወሬ የሚጀምረው፤ ስለዚህ ነው ሬዲዮው የማይሰለቸው። በኔ ግምት በዚያ ዘመን ከወጡ ጌሞች ሁሉ በሬዲዮ ሳን አንድሪያስን የሚያህል የለም። ድምፁን የሰጡትም ቀላል ሰዎች አይደሉም፤ የኬ-ዲኤስቲው ዲጄ አክስል ሮዝ ነው፣ የፕሌይባኩ ቻክ ዲ፣ የባውንስ ኤፍኤሙ ጆርጅ ክሊንተን።

ቁልፉም አድጓል። እዚህ 34 ብቻ ሳይሆን 16 ባይት ርዝመት ያለው ቁልፍ እየተደጋገመ ፋይሉ ላይ ያልፋል። ሲፈታ የሚወጣው ኦግ ቮርቢስ የሚባለው የድምፅ ዓይነት ነው። ከእያንዳንዱ ቁራጭ ፊት 8,068 ባይት የሚሆን መግለጫ አለ፤ ከዚህ ውስጥ 8,000ው የሙዚቃው ምት የት የት እንደሚወድቅ ለመመዝገብ የተያዘ ነው፤ ለዳንሱና ለሎውራይደሩ ጨዋታ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ከዚህ ሁሉ ሌላ «ኮንፊግ» ፎልደር ውስጥ «ትራክ-ሉክአፕ» የምትባል ትንሽ ፋይል አለች። ማውጫ ናት፤ የትኛው ቁራጭ የትኛው ፋይል ውስጥ፣ ከስንተኛው ባይት እንደሚጀምርና ምን ያህል እንደሚረዝም ትናገራለች።

ብዙ ሞድ (ተጫዋች ራሱ ጌሙ ላይ የሚያደርገው ለውጥ) የሚበላሸው እዚች ትንሽ ፋይል ላይ ነው። ከቀድሞው የሚረዝም ዘፈን ስታስገቡ ከሱ በኋላ ያሉት ሁሉ ወደ ኋላ ይገፋሉ። ማውጫዋ ካልታደሰች ጌሙ ድሮ የሚያውቀው ቦታ ሄዶ የሌላ ዘፈን ሆድ ላይ ያርፋል፤ ጣቢያው ዝም ይላል ወይ ጌሙ ይዘጋል። ስለዚህ የምትጠቀሙት መሣሪያ ማውጫውንም አብሮ የሚያድስ መሆኑን ሳታረጋግጡ አትጀምሩ። «ሳን አንድሪያስ ኦዲዮ ቱልኪት» የሚባለው፣ በአጭሩ ሳት የሚሉት፣ ለዚሁ የተሠራ ነው። ሌላም እወቁ፤ የቁራጮቹ ዝርዝር በጌሙ ፕሮግራም ውስጥ የተጻፈ ስለሆነ ዘፈን መተካት እንጂ መጨመር አይቻልም። አንዱ እንዲገባ አንዱ መውጣት አለበት።

እንግዲህ ማን ይውጣ፣ ማን ይግባ? ከቴክኒኩ ይልቅ የምጨነቀው በዚህ ነው። ሳን አንድሪያስ የሚካሄደው በ1992 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቦታውም ካሊፎርኒያንና ኔቫዳን አስመስሎ የተሠራ ምናባዊ አገር። ሬዲዮው ላይ ከዚያ ዓመት በኋላ የወጣ ዘፈን እንዳይኖር ተጠንቅቀው ነው የመረጡት። ሬዲዮ ሎስ ሳንቶስ ላይ ያምና ነጠላ ዜማ ብታስገቡ መከልከል አልችልም፤ ጌሙ የናንተ ነው። ግን ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል፣ ዘመኑ ይፈርሳል። እኔ ራሴን የምጠይቀው «በ1992 አሜሪካ ውስጥ አንድ ዲጄ ይሄን የሀበሻ ዘፈን በእውነት ሊያጫውተው ይችል ነበር ወይ?» ብዬ ነው።

መልሱ ማስተር ሳውንድስ ላይ ተገኘ። ጣቢያው የሚያጫውተው «ሬር ግሩቭ» ነው፤ የተረሱ የ1970ዎቹ የፈንክና የሶል ሸክላዎችን፣ የጄምስ ብራውንንና የባንድ ጓደኞቹን ዓይነት። ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» የተባለውን አልበም የቀዳው ኒውዮርክ ነው፤ ሸክላው የወጣው በ1972። በ1992 ኢትዮፒክስ የሚባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ ስብስብ ገና አልተጀመረም ነበር፣ ሙላቱን ለብዙ ፈረንጅ ያስተዋወቀው «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልምም የመጣው በ2005 ነው። ስለዚህ በ1992 ሙላቱን የሚያውቅ አሜሪካዊ ዲጄ ቢኖር አሮጌ ሸክላ መደብር ውስጥ አቧራ ሲያራግፍ የሚውል ሰው ብቻ ነው። የማስተር ሳውንድሱ ዲጄ እንዲህ ያለ ሰው መሆን አለበት። ሙዚቃውም በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ለመቁረጥ ይመቻል፤ መሃል ላይ የሚቋረጥ ግጥም የለም።

የአስቴር አወቀን «ካቡ»ም አስቤ ነበር። አልበሙ አሜሪካ የወጣው በ1991 ስለሆነ በዓመት አያጣላም። ችግሩ የሚስማማው ጣቢያ መጥፋቱ ነው፤ ሲኤስአር 103.9 ላይ ያሉት ኒው ጃክ ስዊንግ ናቸው፣ አስቴር ብቻዋን ትቀራለች። እሷን ዩዘር ትራክስ ውስጥ አድርጓት። ቫይስ ሲቲ ለምትጫወቱ ደግሞ ዘመኑ 1986 ነው፤ ክራምድ ዲስክስ የተባለው የብራስልስ ኩባንያ የማህሙድ አህመድን «እሬ መላ መላ» ያሳተመው በዚያው ዓመት ነው።

ወደ ሥራው። አርጂን ፈትታችሁ ስታወጡ ስም የሌላቸው፣ ቁጥር ብቻ የተጻፈባቸው ፋይሎች ይዘረገፋሉ። አንድ በአንድ እያዳመጡ የትኛው የየትኛው ዘፈን መግቢያ፣ የትኛው መሃል እንደሆነ በወረቀት መያዝ እንጂ አቋራጭ የለውም። የሚወጣውን ዘፈን ሦስቱንም ቁራጮች ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ላይ ክፈቱና የት እንደተቆረጡ አጥኑ። መግቢያው የሚያልቀው ድፍን ምት ላይ ነው፤ መሃሉ የሚጀምረው እዚያው ምት ላይ። የናንተንም እንደዚያው ቁረጡት። በጆሮ ብቻ ሳይሆን ማዕበሉን አጉልታችሁ ከበሮው የሚነሳበትን ጫፍ ፈልጉ፤ ትንሽ ካለፋችሁ ጌሙ ሁለቱን ሲያገናኝ ዘፈኑ የሚያነክስ ይመስላል። ሳምፕል ሬቱ ከድሮው ቁራጭ ጋር አንድ ይሁን። የድምፁንም መጠን አስተካክሉ፤ የድሮ ሸክላ ቅጂ ዝግ ያለ ስለሚሆን ከማስታወቂያው ቀጥሎ ሲመጣ ጠፍቶ ይሰማል።

አሁን ደግሞ ዲጄው። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ዲጄ ያለበት መግቢያ ላይ የሰውዬው ድምፅ ከሙዚቃው ጋር አንድ ላይ ተቀድቷል፤ ለይቶ ማውጣት የለም። መሃሉን ብቻ ከተካችሁ ዲጄው የሌላ ሰው ስም ጠርቶ ሙላቱ ይመጣል። መፍትሔው ዲጄ ያለባቸውን መግቢያና መውጫዎች ሁሉ በናንተው ንጹህ ቁራጮች መተካት ነው። ዲጄው እንዳይጠፋባችሁ አትስጉ፤ ከሙዚቃ ተለይቶ ለብቻው የሚያወራባቸው ቁራጮች ስላሉ በየመሃሉ ይመጣል።

«ይሄ ሁሉ ሕጋዊ ነው?» ለምትሉ፦ የኔን አቋም ልንገራችሁ። በ2014 መጨረሻ በስቲም ይሸጥ የነበረው ሳን አንድሪያስ ላይ የፈቃድ ጊዜያቸው ያለፈ ዘፈኖች በአፕዴት ተነስተዋል፤ ሬዲዮ ኤክስ ላይ የነበረው የሬጅ አጌንስት ዘ ማሽን «ኪሊንግ ኢን ዘ ኔም» አንዱ ነው። በ2018ም የጂቲኤ 4 ቭላዲቮስቶክ ኤፍኤም አብዛኛውን ዘፈኑን አጥቷል። ከፍሎ የገዛ ሰው የነበረውን መልሶ በገዛ ኮምፒውተሩ ላይ ቢያስገባ እኔ ነውር አይታየኝም። የሠራችሁትን ፋይል ከነዘፈኑ ቴሌግራም ላይ መበተን ግን የሙዚቀኛውን እንጀራ መንካት ነው። እኔም አልለጥፍም፣ እባካችሁ አትጠይቁኝ። ዘፈኑን ገዝታችሁ፣ አሠራሩን ከዚህ ወስዳችሁ፣ ራሳችሁ ሥሩት። የጂቲኤ 5ን ፋይል የምትነካኩም ሞድ ጭናችሁ ኦንላይን አትግቡ፤ አካውንት ያስዘጋል።

ከሁሉ በፊት ግን «ኦዲዮ» ፎልደሩን ሙሉ በሙሉ ሌላ ቦታ ገልብጣችሁ አስቀምጡ። ለማስተር ሳውንድስ የምትጠቁሙት የሀገራችን ዘፈን ካላችሁ ከወጣበት ዓመት ጋር ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ከ1992 በኋላ የወጣ አልቀበልም።