የጂዳ መኪኖችና የመግሪብ ጥድፊያ



ለሐጅ ወይም ለዑምራ ደርሶ የተመለሰ ሰው ስለ ጂዳ ሲጠየቅ የሚያወራው ስለ ሙቀቷና ስለ ገበያዋ ነው። ይህች የወደብ ከተማ ግን ሌላም የምታሳየው አላት። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከንቲባዋ የነበሩት መሐመድ ሰዒድ ፋርሲ በባሕሩ ዳርቻና በየአደባባዩ ሐውልቶችን ማቆም ጀመሩ፤ ቁጥራቸው ከ400 በላይ ደረሰ።

«ሐውልት? ያውም በመካ በር ላይ?» የሚል አይጠፋም። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ደንግጬ ነበር። ነገር ግን ከንቲባው የሰው ምስል እንዳይሆን ተጠንቅቀዋል። ኢብኑ ዐባስም (ረ.ዐ) በሥዕል ይተዳደር ለነበረ ሰው፣ መሳል ግድ ከሆነበት ዛፍንና ሩሕ የሌለውን ነገር እንዲስል መክረውታል።

ከእነዚህ መካከል ሁለቱን ልንገራችሁ። ሁለቱም አገልግሎት ላይ ከነበሩ ዕቃዎች የተሠሩ ናቸው።

የመጀመሪያው «ከንዳሳ» ነው። ጂዳ ወንዝ የላትም፤ ሕዝቧ ዝናብ በጉድጓድ እያጠራቀመ ይጠጣ ነበር። በኋላ በኦቶማኖች ዘመን የባሕር ውሃ አፍልቶ፣ እንፋሎቱን አቀዝቅዞ፣ ጨዉን የሚያስቀር መሣሪያ መጣላት። መሣሪያው ዕድሜውን ሲጨርስ ቅሪቱ አደባባይ ላይ ቆመ። በኢፍጣር ሰዓት የመጀመሪያዋን ውሃ ስትጎነጩ ይህን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ውሃ ኒዕማ መሆኑን የተጠማ ሕዝብ ያውቀዋል።

ሁለተኛው የስፔናዊው አርክቴክት የሁሊዮ ላፉዌንቴ ሥራ ነው። ግዙፍ የኮንክሪት ቋጥኝ ውስጥ እውነተኛ መኪኖች ተቀርቅረዋል። ስሙ «አደጋ» ነው። ምላስ የለውም፤ ግን ኹጥባ ያደርጋል።

ይህን ሳስብ የራሴ ጥፋት ትዝ ይለኛል። ከዓመታት በፊት በረመዳን ለኢፍጣር ተጠርቼ አርፍጄ ነበር። ሹፌሩን «ንዳው እንጂ፣ አዛን ሊል ነው!» አልኩት። መታጠፊያው ላይ ሳንቡሳ የያዘ ልጅ ድንገት ገባብን። ፍሬኑ ያዘ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ልጁ ተረፈ። ሳንቡሳው ግን አስፋልት ላይ ተበተነ። ልጁ እያለቀሰ «ጾመኛ ነኝ» አለኝ። እኔም ጾመኛ ነበርኩ፤ ጾሜ ግን ከጥድፊያ አላዳነኝም።

አንዳንዱ «ኢፍጣርን ማፋጠን ሱና ነው» ይላል። እውነት ነው። ትርጉሙ ግን ሰዓቱ ከገባ በኋላ ማፍጠርን አታዘግዩ ማለት እንጂ መኪና አብርሩ ማለት አይደለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ያፈጥሩ የነበረው በእሸት ቴምር፣ ካልተገኘ በደረቅ ቴምር፣ እሱም ከታጣ በውሃ ነበር። ሦስት ፍሬ ቴምርና አንድ ጠርሙስ ውሃ መኪና ውስጥ ወይም ቦርሳ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው፣ አዛን መንገድ ላይ ቢደርስበትም ሱናውን አግኝቷል። ምን ያስሮጠዋል?

እናንተ ቤት የምትጠብቁትም «የት ደረስክ? ሾርባው ቀዘቀዘ!» እያላችሁ አትደውሉ። ሾርባ ይሞቃል። የጠፋች ነፍስ ግን አትመለስም።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፣ በየመንገዱ ያለውንም በሰላም ለቤተሰቡ ያብቃው። አሚን።